ከንፈሩ ቀድሞ፣ ድምፁ ዘግይቶ

ሙቀት ሰውን እንደሚያቀራርብ ያወቅሁት ሸዋ ሮቢት ከተመደብኩ በኋላ ነው። እኔ ባደግሁበት ደጋ ሰው በሩን ዘግቶ፣ መስኮቱን ጠርቅሞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ይኖራል፤ ጎረቤታችሁ ዜና ይውደድ ዘፈን፣ ከሚስቱ ጋር ይስማማ ይኳረፍ፣ የምታውቁት ነገር የለም። የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል መውረድ ስትጀምሩ ግን መጀመሪያ ጋቢው ይወልቃል፤ ደብረ ሲና ላይ ሹራቡ ይከተላል፤ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ የቤቱ በርም አብሮ የወለቀ ይመስላችኋል። በር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ግን ቀን ቀን ማንም አይዘጋውም። ስለዚህ የአንዱ ቤት ቁሌት የሁሉም ቁሌት፣ የአንዱ ቤት ቴሌቪዥን የሁሉም ቴሌቪዥን ነው። እኔ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድም የቱርክ ተከታታይ ድራማ ቁጭ ብዬ አላየሁም። ሁሉንም ግን ሰምቻለሁ። ማን ማንን እንደከዳ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።

ይህን ሁሉ ያሰማኝ የአከራዬ የሐጅ እንድሪስ ቤት ነው። ሐጅ እንድሪስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሾና ሽንኩርት ሲነግዱ ኖረው፣ አሁን ንግዱን ለልጆቻቸው ትተው በረንዳቸው ላይ የሚውሉ፣ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ አዛውንት ናቸው። በሰፈራችን ሽምግልና ሲጠራ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ካልሆኑ ሰው ነገሩን እንዳለቀ አይቆጥረውም። የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የመስኖ ውሃ ተራ፣ የድንበር ግፊት፣ የውርስ ክፍፍል፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ያልፋል። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከበድ ብሏል። ትንሽ ያልኩት እሳቸው ራሳቸው "ትንሽ" ስለሚሉ ነው። የእሳቸው ቴሌቪዥን ዜና ሲያነብ ግን የባጃጅ ሾፌሮች አስፋልቱ ዳር ቆመው ያዳምጡ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ጂዳ ያለችው ልጃቸው ገመድ የሌለው ሄድፎን ላከችላቸው። የሰፈሩን ደስታ ብታዩት ዝናብ የጣለ ይመስላችሁ ነበር። ከሁሉም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ፤ የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም ከጥያቄዎቹ መሃል የፍቅር ለቅሶ እየገባ አስቸግሮኝ ነበርና። ሄድፎኑን ከቴሌቪዥኑ ጋር የማገናኘቱ ሥራም ለእኔ ተሰጠ። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ በእኛ አገር ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ሽቦ ያለበትን ዕቃ ሁሉ ይጠግናል ተብሎ ይታመናል። ይኼኛው ሽቦ የሌለው ነበር። ቢሆንም ተጠራሁ።

በብሉቱዝ አገናኘሁት። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ሰፈሩ ጸጥ አለ፤ የሐጅ ባለቤት እትዬ ከድጃ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ትራስ ላይ ደገፍ አሉ። ሐጅ ሄድፎኑን ከቆባቸው በላይ ደፍተው የዜና አንባቢውን ትኩር ብለው አዩት። አንድ ደቂቃ አልቆዩም፤ አወለቁት።

"መምህር፣ ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ ይናገራል፣ ኋላ ይሰማል" አሉኝ። "እንዲህማ አይሆንም።"

እውነታቸውን ነው። እኔም አጥልቄው አየሁ፤ ከንፈሩ ይቀድማል፣ ድምፁ ይከተላል። ነገሩን ሳስረዳቸው በሚያውቁት ሙያ ጀመርኩ፤ ምስሉ እንደ እግረኛ ባዶ እጁን ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ድምፁ ግን እንደ ማሾ በጆንያ ታሽጎ፣ ተጭኖ፣ ወርዶ፣ ጆንያው ተፈትቶ ነው ጆሮዎ የሚደርሰው አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው። "ታዲያ ሳይታሸግ አምጣልኛ" አሉ። ነጋዴ እንዲህ ነው።

ያን ሳምንት በየቀኑ ከአስር ሶላት በኋላ እሳቸው ቤት ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ከላይ እስከ ታች ፈትሼ "የድምፅ መዘግየት" የሚል ነገር አገኘሁና ጮቤ ረገጥኩ፤ ቁጥሩን ከፍ ሳደርገው ድምፁ ጭራሽ ወደ ኋላ ቀረ። ለካ ያ ማስተካከያ ድምፅ ማዘግየት እንጂ ማስቀደም አያውቅም። ዜሮ ላይ መለስኩት። በማግሥቱ ለጨዋታ የሚሆነውን የምስል ምርጫ አበራሁ፤ የፈጠነው ምስሉ ሆነና ልዩነቱ ባሰ። እሱንም መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ድምፁን አዳራሽ ውስጥ ያለ የሚያስመስለውን ማስዋቢያ አጠፋሁ፤ ተሻለ። በአራተኛው ቀን ሄድፎኑ ከእትዬ ከድጃ ስልክ ጋር ጭምር ተጣብቆ እንደሚውል ደረስኩበትና አላቀቅኩት፤ አሁንም ተሻለ። በአምስተኛው ቀን መናኸሪያው አጠገብ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አውራ ጣት የምታክል ፈጣን አስተላላፊ ገዝቼ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካሁ፤ ሄድፎኑም ደግነቱ ቋንቋዋን የሚያውቅ ነበር። አጥልቄ አየሁት። ከንፈሩና ድምፁ ገጥመዋል። ደግሜ አየሁት፤ ገጥመዋል።

"ትንሽ ይቀረዋል" አሉ ሐጅ።

ተናደድኩ፤ አልደብቃችሁም። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ መነጽር ሳላደርግ፣ ቀርቤ አፍጥጬ ያላገኘሁትን ልዩነት ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ከሶፋ ላይ ሆነው እንዴት ያዩታል? ግትርነት ነው ብዬ ደመደምኩ። አስተማሪ ደግሞ ግትር ተማሪ ሲገጥመው የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ ሳይነግር ይፈትናል። ሪሞቱን ከጀርባዬ ደብቄ ድምፁን ጨርሶ አጠፋሁት።

"አሁንስ?" አልኳቸው፣ ፊታቸው ተጠግቼ።

"አሁን ደህና ነው፤ አሁን አይረብሸኝም።"

ያዝኳቸው። ደስ ያለኝን አትጠይቁኝ። ፈገግታዬን ዋጥ አድርጌ "ለመሆኑ ሰውዬው ስለምን እያወራ ነው?" ስል ጠየቅኩ። ሐጅ ስጠይቃቸው አየት አድርገውኝ፣ ዓይናቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱና፣ ወደ ደቡብ የሚሄደው መንገድ በጎርፍ ስለተቆረጠ መኪኖች ሁለት ቀን እንደቆሙ፣ ድልድዩም እየተጠገነ እንደሆነ ነገሩኝ። በጽሑፍ የሚያልፍ ነገር የለም። ምስሉ የአንባቢው ፊት ብቻ ነው። ድምፁን ለአፍታ ስመልሰው አንባቢው ስለ ድልድዩ እያወራ ነበር።

ክው አልኩ። ጣቢያ ቀየርኩ፣ ድምፅ አጠፋሁ፤ አሁንም ነገሩኝ። ሌላ ቀየርኩ፤ አሁንም።

ሐጅ ሄድፎኑን አወለቁና በሩን አዩ። ከዚያ ይህን ነገር ከአላህ ሌላ ከድጃ ብቻ እንደምታውቅ፣ አሁን እኔ ሦስተኛ መሆኔን ነገሩኝ። ጆሯቸው ትንሽ አልከበደም፤ ከሞላ ጎደል ሄዷል። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ ሁሉ ሲሰሙ የኖሩት በዓይናቸው፣ የሰውን ከንፈር እያነበቡ ነው። ጆሮ ላይ የሚሰካውን መሣሪያ ልጆቻቸው ቢለምኗቸውም እምቢ ያሉት፣ ሰው ያንን ያየ ዕለት ለሽምግልና መጥራቱን ይተዋል ብለው ፈርተው ነው። እትዬ ከድጃ የቱርክ ድራማ በከፈቱ ቁጥር ሐጅ የሚቆጡበት ምክንያትም ተገለጠልኝ። እኛ ሐራም ነው ብለው መስሎን "ምን ያሉ ጥብቅ ሙስሊም ናቸው" እያልን ስናደንቅ ኖረናል። ለካስ ሰውዬው አፉን በቱርክኛ ከፍቶ በአማርኛ ስለሚናገር ነው፤ ለዓይናቸው አንድ አፍ ውስጥ ሁለት ሰው ይጨቃጨቃል።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ባለቤቴ የምትሠራው ደብረ ብርሃን ነው፤ በየቀኑ በስልክ የምናወራው ደግሞ ግቢው ጥግ ያለው ፓፓያ ሥር ቆሜ ነው። ከሐጅ በረንዳ ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደማወራ እርግጠኛ ነኝ፤ ለመጠንቀቅ ብዬ ፊቴን ወደ በረንዳው አዙሬ፣ ሐጅ ወደ እኔ እንዳይመጡ እየጠበቅሁ ነው የማወራው። ዘጠኝ ዓመት። ፊቴን ወደ እሳቸው አዙሬ።

"ሐጅ፣ ከሩቅም... ይታይዎታል?" አልኩ።

"ጆሮዬ እንጂ ዓይኔ ምን ሆነ" አሉ በእርጋታ። "'ይሄ ሽማግሌ በቴሌቪዥኑ ሊገድለኝ ነው' ያልክ ለት ነው ለጂዳዋ ልጄ ሄድፎን ላኪልኝ ያልኳት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ ጢማቸው ቀለም ያልኩትንም፣ ስለ እትዬ ከድጃ ማንኮራፋት ያልኩትንም አንድ በአንድ አስታወስኩ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እንኳን ቀድመው እንዳያነቡት ፈራሁ።

እሳቸው ግን ነገሬ አላሉትም። የፈለጉት ሌላ ነው። ድምፁና ከንፈሩ እኩል ከደረሱላቸው፣ የተረፈቻቸውን ቅንጣት ጆሮ ከዓይናቸው ጋር አጋጥመው የሰውን አነጋገር እንደገና ሊለማመዱ ነበር ሐሳባቸው። "ትንሽ ይቀረዋል" ያሉትም ለዚህ ነው፤ ከንፈር ለሚያነብ ሰው እኔ የማላየው ክፍተት ገደል ነው። ይሄኔ አፈርኩና ሄድፎኑን ገልብጬ አየሁት። ከሥሩ ቀዳዳ አለው። የገመድ ቀዳዳ! አንድ ሳምንት ሙሉ ሽቦ አልባውን ሳባብል፣ ሽቦ እንደሚቀበል አላየሁም፤ ፊዚክስ አስተማሪ። ሮጬ ሱቅ ሄጄ ረጅም ገመድ ገዛሁ፣ ከቴሌቪዥኑ እስከ ሶፋው ዘረጋሁት፣ ሰካሁት። ድምፁ አልታሸገም፣ አልተጫነም። ቀጥ ብሎ ገባ።

ሐጅ ዜናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ። ስጠብቅ የነበረው "ማሻአላህ" የሚለውን ነው። ፊታቸው ግን እየጠቆረ ሄደ። ሲጨርሱ ሄድፎኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ከንፈር ላይ ካነበቡት ውስጥ ጆሯቸው የመሰከረላቸው ከግማሽ ትንሽ ከፍ ያለውን ብቻ ነው። የቀረውን ሞልተው የኖሩት ከራሳቸው ነው። አንባቢው "ይመለሳሉ" ሲል እሳቸው "ይበለጣሉ" ብለው አንብበዋል። ከንፈር ላይ አንድ ናቸው። አፉን ጥርት አድርጎ የሚከፍት ዜና አንባቢ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ጉንጩ በጫት የተወጠረ ሰው ላይስ? አፉን በሸፈነ ሰው ላይስ?

እዚህ ላይ ለሩቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። በሰፈራችን ሴት በሽማግሌዎች ፊት ስትናገር፣ ለአክብሮት ስትል የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሰብሰብ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። አጠገቧ የተቀመጠው ሽማግሌ ሰምቶ ጮክ ብሎ ለጉባኤው ይደግመዋል። ስታከብራችሁ አፏን አታዩትም። ሐጅ እንድሪስ ደግሞ በጣም የተከበሩ ሰው ናቸው።

"ከሦስት ዓመት በፊት የዘይነባን ነገር የያዝነው እኛ ነን" አሉኝ።

ዘይነባን አውቃታለሁ። ማጀቴ ከተማ አግብታ፣ ፈትታ፣ ሁለት ልጆች ይዛ የተመለሰች ሴት ናት። አባቷ ሮቢ ወንዝ ዳር ጥሩ የመስኖ መሬት ትተው ሞተዋል፤ መሬቱን የያዘው ወንድሟ ሁሴን ነው። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን የጠየቋት አንድ ጥያቄ ነው፤ ድርሻሽን ትወስጃለሽ ወይስ ለወንድምሽ ትተሻል? ዘይነባ ሻሿን ወደ አፏ ሰብስባ አንድ ነገር ተናገረች። አጠገቧ የተቀመጡት፣ ሰምተው መድገም የነበረባቸው ሐጅ እንድሪስ ናቸው።

"ምን አለች?" አልኩ።

"አላውቅም።"

"ታዲያ ምን ብለው ደገሙት?"

"'ለወንድሟ ትታለች' አልኩ።" ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። "ደህና እህት ትለዋለች ብዬ ያሰብኩትን ነው ያልኩት። ዱዓ ተደረገ፣ ተበተንን።"

ዘይነባን በየማለዳው አያታለሁ። ከሽንኩርት አራሚ ሴቶች ጋር ዶማዋን ይዛ በደጃችን ታልፋለች፤ የምታርመው የወንድሟን ማሳ ነው፤ በቀን ሠራተኝነት። ሐጅም በረንዳቸው ላይ ሆነው በየማለዳው ያዩዋታል። ዘጠኝ ዓመት ያከበርኳቸውን ሰው ያን ቀን ጠላኋቸው። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ፓፓያው ሥር ቆምኩ፤ ለማንም አልደወልኩም።

ንዴቴ የበረደው እኔ ራሴ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ያልሰማሁትን የተማሪ መልስ "ጥሩ፣ ተቀመጥ" ብዬ እንዳለፍኩ ሳስብ ነው። ተመልሼ ስገባ ሐጅ ጫማቸውን አድርገው ጨርሰዋል። አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ፤ ጆሮ ሆኜ።

ዘይነባ ወንዙ አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ቤት ትኖራለች። ሐጅን ደጇ ላይ ስታይ ደነገጠችና እጇ በራሱ ወደ ሻሿ ሄደ፤ አፏ ተሸፈነ። ሐጅ ያን ጊዜ ያሳዩትን ፊት እስከዛሬ አልረሳሁትም።

"አውርጂው ልጄ" አሉ። "ጆሮዬ ደንቁሯል። ያን ቀንም አልሰማሁሽም። ምን ነበር ያልሽው?"

ዘይነባ እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች። ሻሿን ቀስ ብላ ከአፏ አወረደች።

"እኔማ 'አንቱ ይፍረዱልኝ' ነው ያልኩት" አለች። "ከዛ አንቱ 'ለወንድሟ ትታለች' አሉ። ፍርድዎ መስሎኝ ተቀበልኩ።"

ለሐጅ መድገም አላስፈለገኝም፤ አንብበውታል። እኔ ግን እንደገና ብትልልኝ ብዬ ተመኘሁ፤ የሰማሁትን አላመንኩማ። እሷ ፍርዱን ለእሳቸው ሰጠች፤ እሳቸው የእሷ ቃል ነው ብለው ለጉባኤው ሰጡ። መሬቱ ማንም ሳይፈርድበት፣ ማንም ሳይተወው ሄደ። ከመካከላቸው ሐሰት ልናገር ያለ አንድም ሰው የለም። እኔን ያስደነገጠኝ ይኸው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዘይነባ ነገር ያን ጊዜ የታየበት ሾላ ሥር፣ ያው ሽማግሌዎች ተጠሩ። በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት ሼህ ይማም መሃል ተቀመጡ፤ ሦስተኛው ሽማግሌ ከጎናቸው። ሁሴን እጆቹን አጣምሮ ከአንድ ወገን፣ ዘይነባ ከሌላው። እኔ ጥግ ላይ ድንጋይ አገኘሁ። ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ቆሞ የሚናገር ስለሌለ፣ ሐጅ እንድሪስ ሲቆሙ ሁሉም ደነገጠ።

ሁሉንም ተናገሩት። ጆሮዬ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ነው አሉ። ያን ቀን እህታችን ያለችውን አልሰማሁም፣ ከራሴ ነው የተናገርኩት፣ ኃጢአቱም የእኔ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮም ለሽምግልና አትጥሩኝ አሉ። የኖሩበትን ስም አውልቀው ሾላው ሥር ሲያስቀምጡት፣ እንባዬን ለመደበቅ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ሁሴን ግን ቶሎ ብሎ፣ በዱዓ የተዘጋ ነገር እንዴት ይከፈታል ሲል ሞገተ።

ሁላችንም ወደ ሼህ ይማም ዞርን። ሼህ ይማም ይህን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በዝግታ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሲያዳምጡ ነበር። ዓይናቸውን ገለጡ። ጢማቸውን ዳበሱ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ጥሩ ተነጋግራችኋል። እንግዲህ ከተስማማችሁ ዱዓ እናድርግ።" እጃቸውን ዘረጉ። ሦስተኛው ሽማግሌም ወዲያው ዘረጉ። እኔም ክርስቲያን ብሆንም ዘጠኝ ዓመት ሮቢት የኖረ ሰው ነኝ፤ ዱዓ ሲባል እጄ በራሱ ይነሣል፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው ክው ብዬ የቀረሁት። አልሰሙም። ሁለቱም አልሰሙም! በሰፈሩ ስንት ጋብቻ፣ ስንት ድንበር፣ ስንት ውርስ እዚህ ዛፍ ሥር እንዳለፈ ማሰብ ጀመርኩና ብርድ ብርድ አለኝ፤ በዚያ ሙቀት።

ሐጅ እንድሪስ ከሼህ ይማም ጢም ውስጥ ቃል ለማግኘት እየታገሉ ነው። ሁሴን ቶሎ ብሎ መዳፉን ዘርግቷል። ያኔ ዘይነባ ተነሣች። ሻሿን ከአፏ ብቻ ሳይሆን ከአንገቷም አላቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ሄዳ ሼህ ይማም ፊት በርከክ አለች፤ ድምጿን ወንዙ ማዶ እንደሚጣራ ሰው ከፍ አድርጋ፣ ከንፈሯን በየቃሉ ጥርት አድርጋ እየከፈተች ተናገረች።

"ሼህ ይማም፣ አልተስማማንም። ድርሻዬን እፈልጋለሁ።"

የሼህ ይማም እጆች ቀስ ብለው ወረዱ። ልጅቷን አዩዋት፤ ሊቆጧት መሰለኝ።

"ልጄ፣ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዓመቴ" አሉ። "እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገመችላቸው። ለሦስተኛው ሽማግሌም ደገመችላቸው። ወደ ወንድሟ ዞራ ለአራተኛ ጊዜ ልትጀምር ስትል፣ ሁሴን መሬቱ የሚካፈልበትን የመለኪያ ገመድ ፍለጋ ተነሥቶ ሄደ።